ሰዓት ያልተጻፈበት ውል፦ በእንግሊዝ ገጠር ርስት አዳሪ ሠራተኛ ለመሆን ለምታስቡ ማስጠንቀቂያ

በእንግሊዝ አገር የመሥራት ፈቃድ ኖሯችሁ በገጠር ባሉ ትልልቅ ርስቶች አዳሪ የቤት ሠራተኛ ለመሆን የምታስቡ፣ በተለይም ቅጠል በሚረግፍበት በዚህ ወቅት «ቶሎ ሥራ ግቡ» የሚል ውል የቀረበላችሁ ወገኖቼ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን እንድታነቡልኝ እለምናችኋለሁ። በሙያው ውስጥ የቆየሁና አሁንም የምሠራበት ነኝ፤ ሥራውን የማጥላላት ፍላጎት የለኝም፤ ሠራተኛን አክብረውና የሚገባውን ከፍለው የሚያኖሩ ቤቶችም አሉ። የማስጠነቅቃችሁ ስለ አንድ ዓይነት ውል ነው፤ እርሱም የዓመቱን ደመወዝ በጉልህ ጽፎ፣ «ቤትና ቀለብ በነጻ» ብሎ አክሎ፣ የሥራውን ሰዓት ግን «እንደ ቤቱ ፍላጎት» በሚል አንድ ሐረግ ብቻ የሚያልፈው ውል ነው።

ይህ ውል በዋናነት የሚማርከው የለንደን የቤት ኪራይ ያስመረረውን ሰው ነው። በዓመት 24 ሺህ ፓውንድ እየተከፈለኝ፣ ኪራይ ሳልከፍልና አስቤዛ ሳልገዛ ከኖርኩ ደመወዜ ሳይነካ ይጠራቀማል ብሎ ማሰብ የሚያስነቅፍ አይደለም። ችግሩ ያለው ቤቱን በምታዩበት ጊዜ ላይ ነው። ለቃለ መጠይቅ በኦገስት ስትጠሩ ባለቤቶቹ ለዕረፍት ሄደው፣ አትክልቱ አብቦ፣ የእንግዳ መኝታ ቤቶቹ ተዘግተው፣ ወጥ ቤቱ ጸጥ ብሎ ታገኙታላችሁ፤ ሥራው ይህ ከሆነማ ምን ይከብዳል ትላላችሁ። የዚያ ቤት እውነተኛ ሥራ የሚጀምረው ግን የአደን ወቅት ሲገባ ነው። በእንግሊዝ ሕግ ቆቅ ከሴፕቴምበር 1፣ ፌዛንት የሚባለው ትልቅ ወፍ ደግሞ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ የሚታደን ሲሆን ሁለቱም እስከ ፌብሩዋሪ 1 ይቀጥላሉ። ይህ ማለት አደን የሚያስተናግድ ቤት ለአራት ወራት ያህል እንግዳ አያጣም ማለት ነው።

አንድ የአደን ቀን ለቤት ሠራተኛው ምን እንደሚመስል በዝርዝር ላስረዳ። ተኳሾቹ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ወይም ዘጠኝ ናቸው፤ ከነሚስቶቻቸውና ከነውሾቻቸው ሲመጡ ቤቱ ይሞላል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሥታችሁ የትናንቱን አመድ ከየምድጃው ታወጣላችሁ፣ እንጨት ትደረድራላችሁ፣ እንግዶቹ ሳይነሡ እሳቱ እንዲያያዝ ታደርጋላችሁ። ከዚያ ቁርስ አለ፤ ረፋዱ ላይ በቴርሞስ ተሞልቶ ሜዳ ድረስ የሚላክ ትኩስ ሾርባ አለ፤ ምሳ አለ፤ በኖቬምበር ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ስትጠልቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ እየተንጋጋ ይገባና ሻይና ኬክ ይጠብቃል። ጭቃ የተለወሰ ቦት ጫማ በሚወልቅበት የጓሮ ክፍል ውስጥ የተከመረው የሱፍ ኮትና ሱሪ በማግስቱ ጠዋት ደርቆና ተቦርሾ መገኘት አለበት፤ ሱፍ ደግሞ ወደ ማድረቂያ ማሽን የማይገባ በመሆኑ ያለው አማራጭ ከቦይለሩ አጠገብ ሰቅሎ ደጋግሞ ማገላበጥ ነው። ራት ተበልቶ፣ ብርና ክሪስታሉ በእጅ ታጥቦ፣ የመጨረሻው እንግዳ ብርጭቆውን አስቀምጦ እስኪተኛ ድረስ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይሆናል። እኔ በሠራሁበት አንድ ቤት ውሉ ላይ «ቀላል የወጥ ቤት እገዛ» የሚል ሐረግ ነበር፤ ትርጉሙ የታወቀኝ በቀዝቃዛው ጓዳ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተሰቀሉትን ወፎች ላባ እንድነጭ ሲነገረኝ ነው።

እሑድን ለቅዳሴ አገኛለሁ ብላችሁ የምታስቡ በተለይ ልብ በሉ። በእሑድና በፈረንጆች ገና ዕለት እነዚህን ወፎች ማደን በሕግ የተከለከለ ነው፤ ለዚህም ነው እንግዶቹ ዓርብና ቅዳሜ አድነው እሑድ ከምሳ በኋላ የሚሄዱት። የአልጋ ልብሱ ሁሉ የሚገፈፈው፣ የሚታጠበውና የሚተኮሰው ያኔ በመሆኑ እሑድ ለሠራተኛው ከሳምንቱ ሁሉ የከበደ ቀን ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ሲገባና የእኛ ገና በጃንዋሪ 7 ሲውልም የአደኑ ወቅት ገና አላለቀም። የምትጾሙ ከሆነ ምግብ እንድትቀምሱ እንደማትገደዱ፣ የበዓል ቀናችሁም ከዓመት ፈቃዳችሁ ላይ እንደሚሰጣችሁ አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስፍሩት፤ በቃል የተባለ ነገር እንግዳ በመጣ ሳምንት አይታወስም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ በነበረው ተመን፣ ዕድሜው 21 ዓመት ለሞላው ሠራተኛ ዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት 12.21 ፓውንድ ነበር። አሠሪው ማደሪያ በነጻ ሲሰጥ በሕጉ መሠረት የዚህ ክፍያ አካል አድርጎ ሊቆጥር ይችል የነበረው በቀን 10.66፣ በሳምንት ደግሞ 74.62 ፓውንድ ብቻ ነበር፤ ተመኑ በየኤፕሪሉ ስለሚለወጥ የወቅቱን አጣሩ። ቀለብ ግን በሕጉ ፊት የደመወዝ አካል ሆኖ አይቆጠርም፤ እንግዳ የሚተውላችሁ ጉርሻም እንደዚሁ። እንግዲህ በዚያ ተመን ብናሰላ፣ 24 ሺህ ፓውንድ ለ52 ሳምንት ሲካፈል 461.54 ይመጣል፤ የማደሪያው 74.62 ሲደመርበት 536.16 ይሆናል። ይህ ገንዘብ ሕጋዊ የሚሆነው ለ44 ሰዓት ገደማ ሥራ ነው። በሳምንት 60 ሰዓት ከሠራችሁ የሰዓት ክፍያችሁ 9 ፓውንድ እንኳ አይሞላም፤ በየሳምንቱም 196 ፓውንድ ከኪሳችሁ እየወጣ ነው ማለት ነው። በአደኑ ወቅት ብቻ የሚጠፋው ከ3 ሺህ ፓውንድ በላይ ይደርሳል። «ነጻ» የተባለውን ቤት ኪራዩን ከፍላችኋል፤ ደረሰኝ ብቻ ነው የሌላችሁ።

አንዳንድ ኤጀንሲዎች ዛሬም «ከቤተሰቡ ጋር እንደ ቤተሰብ ስለምትኖሩ ዝቅተኛው ደመወዝ አይመለከታችሁም» ይላሉ። ይህ ቀድሞ መሠረት የነበረው አባባል ነው፤ ከአሠሪው ቤተሰብ ጋር የሚኖር የቤት ሠራተኛን ከዝቅተኛው ደመወዝ ውጭ የሚያደርገው አንቀጽ ግን ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ ተሽሯል። በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ ያለመሥራት ገደብ በግለሰብ ቤት የሚሠራን የቤት ሠራተኛ አይሸፍንም፤ ይህን ሲነግሯችሁ እውነታቸውን ነው። በየዕለቱ 11 ሰዓት፣ በየሳምንቱም 24 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍትና በዓመት 5.6 ሳምንት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ማግኘት ግን መብታችሁ ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኝቶ በ11 ሰዓት የሚነሣ ሰው ያገኘው ዕረፍት አምስት ሰዓት ብቻ መሆኑን አስተውሉ። ሥራ በማግኘቱ ምክንያት ከሠራተኛው ኮሚሽን የሚጠይቅ ኤጀንሲ ከገጠማችሁ ደግሞ ወዲያው ተነሥታችሁ ውጡ፤ ከሥራ ፈላጊ የማገናኛ ክፍያ መቀበል በ1973 በወጣው የኤጀንሲዎች ሕግ የተከለከለ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ለባልና ሚስት የሚቀርበው ውል ነው። እርሷ ሃውስኪፐር (የቤቱን ሥራ የምትመራ)፣ እርሱ አትክልተኛና ጠጋኝ ሆነው እንዲሠሩ ይፈለግና ለሁለቱ አንድ ደመወዝ ይቆረጣል፤ ፔይስሊፑም (የደመወዝ ዝርዝር ወረቀቱ) በእርሱ ስም ብቻ ይወጣል። በዚህ መንገድ ሚስት እኩል ለፍታ በመንግሥት መዝገብ ላይ እንዳልሠራች ትቆጠራለች፤ ሙሉ የጡረታ አበል 35 የመዋጮ ዓመታት የሚጠይቅ ስለሆነ ጉዳቱ የሚታወቃት አርጅታ ነው። ብቻችሁን ገብታችሁ የትዳር ጓደኛችሁን ከአገር ቤት ለማምጣት የምታስቡም ብትሆኑ፣ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ለቪዛው የሚጠየቀው ገቢ በዓመት 29 ሺህ ፓውንድ መሆኑንና ነጻ ማደሪያም ሆነ ሳይመዘገብ በእጅ የተሰጠ ገንዘብ እንደማይሞላው አስቡበት። ለሁለት ሰው ሁለት ውል፣ ሁለት ደመወዝ፣ ሁለት ፔይስሊፕ ጠይቁ፤ እምቢ ካሉ አትግቡ።

ስለ ማደሪያው ደግሞ የሚሰጣችሁ በትልቁ ቤት ውስጥ ያለ ክፍል ነው ወይስ ለብቻው የቆመ ጎጆ የሚለው ትልቅ ልዩነት አለው። ለብቻው የቆመና እናንተ ብቻ የምትኖሩበት ከሆነ፣ ሥራው ቢቋረጥም አሠሪው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊያስወጣችሁ አይችልም፤ ከአሠሪው ጋር በአንድ ቤት ወጥ ቤትና መታጠቢያ እየተጋራችሁ ከሆነ ግን ይህ ከለላ የለም፣ ሥራውንና ቤቱን በአንድ ሳምንት ልታጡ ትችላላችሁ። ጎጆ ሲሰጣችሁ ማሞቂያውን ማን እንደሚከፍል ጠይቁ። ብዙ የገጠር ቤቶች የጋዝ መስመር ስለሌላቸው በጓሮ ጋን የሚጠራቀም ነጭ ጋዝ ነው የሚያሞቃቸው፤ ሻጮቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ500 ሊትር በታች አያመጡም። በኦክቶበር ገብታችሁ ባዶ ጋን ተረክባችሁ ራሳችሁ ሙሉት መባል፣ የመጀመሪያውን ደመወዝ ሳይቀበሉ ዕዳ ውስጥ መግባት ነው። መኪና ከሌላችሁም የአውቶቡሱን ሰሌዳ ተመልከቱ፤ በብዙ የገጠር መንደሮች እሑድ አውቶቡስ የለም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለምትሠሩና አሠሪዎቻችሁ ወደ እንግሊዝ ይዘዋችሁ ለሚመጡ እህቶቼ ደግሞ፣ የምትመጡበት ቪዛ የስድስት ወር ሲሆን አይታደስም። በእነዚያ ስድስት ወራት ውስጥ ግን አሠሪ መቀየር ትችላላችሁ፤ ፓስፖርታችሁን ማንም ይዞባችሁ መቆየት አይችልም፤ የዚህ አገር ዝቅተኛ ደመወዝም ይገባችኋል። በገጠር ርስት ውስጥ ከሰው ተለይታችሁ የምትኖሩ ከሆነ ለንደን የሚገኘውን የቤት ሠራተኞች ረዳት ድርጅት ካላያንን ወይም የዘመናዊ ባርነት የእርዳታ መስመርን በ08000 121 700 አግኙ፤ ጥሪው ነጻ ነው።

ውል በእጃችሁ ያለ ደግሞ ከፊርማ በፊት ሳምንታዊውን ሰዓት በቁጥር፣ የዕረፍቱን ቀን በስም፣ ትርፍ ሰዓት በስንት እንደሚከፈል በግልጽ አስጽፉ። ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ አሠሪው እነዚህን ዝርዝሮች ከመጀመሪያው የሥራ ቀን ሳያልፍ በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ ስላለበት ውለታ እየጠየቃችሁ አይደለም። ሥራ ከገባችሁ በኋላም የተነሣችሁበትንና የጨረሳችሁበትን ሰዓት በየማታው በራሳችሁ ደብተር መዝግቡ፤ ወጥ ቤት ቁጭ ብላችሁ እንግዳው እስኪተኛ የጠበቃችሁበት ሰዓትም ሥራ ነውና አትተዉት። ደመወዝ ከጎደለባችሁ አካስ በሚባለው የሥራ ጉዳዮች ተቋም የምክር መስመር 0300 123 1100 ደውሉ፤ ምክሩ በነጻ ነው። አቤቱታ የሚቀርብበት ጊዜ አጭር ስለሆነ የአደኑ ወቅት እስኪያልቅ አትቆዩ፤ የመጀመሪያው ጎደሎ ደመወዝ በገባ ወር ደውሉ።