በስምንት ሚሊሜትር የቆመች ቮልስ

ለጥምቀት ደብረ ማርቆስ ስገባ ሻንጣዬ ውስጥ ከልብሱ ብረቱ ይበልጥ ነበር። የአባቴ ቮልስ በፈረንጅ 1966 ሞዴል፣ ባለ 1300 ሲሲ ሞተር ናት፤ ግቢ ውስጥ ከቆመች ዓመታት አልፈዋል። ከምኖርበት ከጀርመን አዲስ የቤንዚን ፓምፕ፣ የካንዴላን እሳት ጊዜ የሚቆጣጠረውን ፑንቲናና አራት ካንዴላ ይዤላት መጣሁ። የፓምፑ ካርቶን ላይ ከ1200 እስከ 1600 ላሉት ሁሉ ይሆናል ይላል። አመንኩት።

ከባትሪው ልጀምር። የጠየቅኳቸው ባትሪ ቤቶች ሁሉ ያላቸው 12 ቮልት ነው፣ ይቺ ደግሞ 6 ቮልት። እዚያ እስካለሁ ድረስ በግፊ ነው ያስነሳኋት፤ የሰፈር ልጅ አይጥፋ።

መጀመሪያ የሄድኩት አስፋልት ዳር፣ ትልቅ ታፔላ ወዳለው ጋራዥ ነው። ልጆቹ ቀልጣፎች ናቸው፣ ቡናም ጋብዘውኛል፤ ፓምፑን በግማሽ ሰዓት አሰሩልኝ። ብሎኑ እምቢ ሲላቸው በግድ ሲያጠብቁት እያየሁ ዝም አልኩ። “የጀርመን ነው፣ ዝም ብላችሁ ግጠሙት” ያልኩት እኔው ስለሆንኩ ጥፋቱ የጋራችን ነው። በነጋታው ሉማሜ ሳልደርስ ጠፋች፤ ውስጧ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። አንድ የአይሱዙ ሹፌር ጎትቶ መለሰኝ፣ ገንዘብ ብሰጠው ተቆጣኝ።

ጎረቤት ከገበያው ጀርባ ወዳሉ ሽማግሌ ሜካኒክ ወሰደኝ። ታፔላ የላቸውም። ሞተሩን ከመንካታቸው በፊት የዘይት መለኪያውን መዘው አሸተቱና ወደ አፍንጫዬ አስጠጉት።

“ይኼ ዘይት ነው ቤንዚን?”

“ጋሼ፣ ፓምፑ እኮ አዲስ ነው።”

“ዱላዋን ለክተሃታል?”

የቱን ዱላ? ፓምፑን ፈቱና ከሥሩ እርሳስ የምታክል ቀጭን ብረት በፒንሳ ሳቡ። በጨርቅ ጠርገው በካሊፐር ለኩልኝ፤ 108 ሚሊሜትር። ፓምፑን ከታች እየገፋች የምታሠራው እሷ ናት። ለካ ባትሪ የሚሞላላቸው ዲናሞ የሆነ ሞተሮች ዱላ 108 ሲሆን፣ በኋላ የመጡትና በዲናሞ ፈንታ አልተርኔተር ያላቸው 100 ነው፤ እኔ ያመጣሁት ፓምፕ ደግሞ ለአጭሯ የተሠራ ነው። ስምንቷ ሚሊሜትር ፓምፑን ከልኩ በላይ ስትገፋው ውስጡ ያለው ላስቲክ ተቀደደ፣ ቤንዚኑም ወደ ዘይቱ ወረደ። በዚያ ቀጥኖ ባለቀ ዘይት ደጀን ድረስ ብነዳት ሞተሩ ተበልቶ ነበር።

“የድሮው የታለ?” አሉኝ። አባቴ የሚጥለው ነገር ስለሌለ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተገኘ። የድሮው ፓምፕ ክዳኑ በብሎን የታሰረ ስለሆነ ይፈታል፤ ተጨፍልቆ የተዘጋው አዲሱ ግን ከተበላሸ መጣል ነው። የጎደለው አዲስ ላስቲክ ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ላለ መለዋወጫ ሻጭ ፎቶውን በቴሌግራም ልኬለት በነጋታው በአውቶቡስ ደረሰኝ። ሳላዝዘው የቤንዚን መተላለፊያ ጎማ ጨምሮ አስከፍሎኛል፤ ይህን አልወደድኩለትም። አሮጌው ጎማ ግን ሲታይ ተሰነጣጥቋል፣ እሳት የሚያስነሳው ደግሞ እሱ ነው፤ ከፈልኩ።

ሽማግሌው ሁለት ሊትር ተኩሉን ዘይት ለወጡ፣ የፑንቲናውን ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር ላይ አስተካከሉ፣ ፓምፑን ሁለት ጊዜ ፈተው አሰሩ። የጠየቁኝ የእጅ ዋጋ አዲሱ ፓምፕ ጀርመን ቤቴ ድረስ የመጣበትን የፖስታ ሒሳብ እንኳ አይሞላም። ቸኩሎ የመጣ ሰው ግን አይመቹትም፤ ከእያንዳንዱ ብሎን ጋር አንድ ወሬ አለ፣ ስልክም አያነሱም። አባቴ ዛሬም በድሮ ስሟ መንቆረር እያለ የሚጠራት የደብረ ማርቆስ ቮልሶች ታሪክ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው።

በሦስተኛው ቀን ደጀን ደርሼ ተመለስኩ፤ አንዴም አልጠፋችም። ዓባይን ከአፋፉ ላይ አየሁት እንጂ በረሃውን አልወረድኩም፤ “ፍሬኗን ሳላይልህ እንዳትሞክራት” ተብያለሁ። ልሄድ ስል የአራቱንም ጎማ ፍሬን ለክተው የካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፉልኝ። ቁራጩ የተቀደደው ከፓምፑ ካርቶን ላይ ነው።