ተደራራቢ አልጋ የምትገዙ የደብረ ብርሃን ሰዎች፣ ከመክፈላችሁ በፊት ፍራሹን አንሱ

28,000 ብር የከፈልኩበት ተደራራቢ አልጋ የቆየልኝ አንድ ክረምት ነው። የሻጩን ስምም ሱቁንም አልጠራም። እሱ ብቻ ቢሆን እሰየው ነበር፤ ያንኑ ዕቃ በዚያው ቃል ሲሸጡ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሁለት ቦታ አይቻለሁ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ አልጋው እንጂ ስለ ሰውዬው አይደለም።

የምንኖረው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች የኪራይ አፓርታማ ነው። የልጆቹ ክፍል ወርዱ 2 ሜትር ከ40፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ80፣ መስኮቱ አንድ ነው። ሁለቱ ግድግዳዎች ወደ ውጭ የዞሩ ብሎኬት ናቸው፤ አንደኛው ፀሐይ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። ሁለት ነጠላ አልጋ ብናስገባ በሩ አይከፈትም። ስለዚህ ተደራራቢ ከመግዛት ሌላ አማራጭ አልነበረንም፤ ብዙዎቻችሁም እንደዚሁ እንደሆናችሁ አውቃለሁ።

2016 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው የገዛነው። የሚያምር አልጋ ነበር፣ አልዋሽም። ቡናማ ቀለም፣ ደረጃ መሳይ መሰላል፣ ከታች ሁለት ትልልቅ መሳቢያ። ሻጩ በመዳፉ መታ መታ አደረገና «እህቴ፣ ሙሉ ዋንዛ ነው፤ የልጅ ልጅሽ ይተኛበታል» አለኝ። እኔም ዓይኔ መሳቢያው ላይ ነበር። ክፍሉ ቁም ሳጥን አይይዝም፤ የልጆቹ ልብስ እዚያ ቢገባ ብዬ አሰብኩ። 12,000 ብር ቀብድ ሰጠሁ፣ ቀሪውን ሲያመጡልኝ በባንክ አስተላለፍኩ። በደረሰኙ ላይ የተጻፈው «አልጋ 1» ነው፤ ሌላ ቃል የለበትም። ይቺን ደረሰኝ ልብ በሉልኝ፣ ወደ በኋላ ትመጣለች።

ግንቦትና ሰኔ በሰላም አለፉ። ሐምሌ ገባ። የዚህን አገር ክረምት ለእናንተ አልነግራችሁም፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጠን፣ ጉሙ እስከ ረፋድ ከደጅ ሳይነሳ፣ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ተሰቅሎ ሳይደርቅ። እኛም እንደ ሰው ሁሉ ገመድ ቤት ውስጥ ወጥረን ነበር፤ አንዳንዴ የላይኛው አልጋ መከለያ ላይም አሰጣለሁ። ሌሊት ብርዱን ፈርተን በሩንም መስኮቱንም እንዘጋለን። ሁለት ልጆች ሲተነፍሱ ያደሩበት እንፋሎት መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛው ግድግዳና መስታወቱ ላይ ሄዶ ውሃ ይሆናል። ጠዋት መስታወቱን በጣቴ ስነካው ክንዴ ድረስ ይወርድ ነበር። ያ ውሃ መስታወቱ ላይ ብቻ ይቀራል ብዬ ማሰቤ ነው የእኔ ሞኝነት።

ፍልሰታ ላይ ትንሿ ልጄ «እማዬ፣ አልጋዬ ድንች ድንች ይሸተኛል» አለችኝ። ምግብ ደብቃ ይሆናል ብዬ ትራሷን ገለጥኩ፤ ምንም የለም። ቅዳሜ አንሶላ ልቀይር ፍራሹን ሳነሳው በሆዱ በኩል አረንጓዴና ጥቁር ነጥብ በነጥብ ሆኗል። ነጥቡ እንዲሁ የተበተነ አይደለም፤ ከትከሻዋ እስከ ዳሌዋ የልጄን አተኛኘት ይዞ ነው የወጣው። ከፍራሹ ሥር ያለው ወለል ርብራብ አይደለም፣ አንድ ወጥ የተዘጋ ሰሌዳ ነው፤ አንዲት ቀዳዳ የለውም። ከእሱ በታች መሳቢያ፣ ከመሳቢያው ኋላ ግድግዳ። አየር በየት በኩል ይግባ? የልጅ ገላ ከላይ ያሞቀዋል፣ ከታች ይቀዘቅዛል፣ ላቡ መሀል ላይ ይቀራል።

መሳቢያውን ልስብ አልኩ፤ እንቢ አለ። አብጦ ከጎኑ ጋር ተጣብቋል። ባለቤቴ መጥቶ በጉልበት ሲስበው ፊቱ ከነእጀታው ተገንጥሎ እጁ ላይ ቀረ። በተገነጠለው ጠርዝ ላይ ጥፍሬን ጫን ሳደርግ ገባ። ተፈረፈረ፣ ልክ ውሃ እንደነካው በሶ። ዋንዛ ቀርቶ እንጨትም አይደለም፤ የደቀቀ የእንጨት ክር በኮላ ተጨምቆ በላዩ የእንጨት መልክ ያለው ወረቀት የተለጠፈበት ኤምዲኤፍ ነው።

ያስደነገጠኝ ግን ሻጋታውም መሳቢያውም አልነበረም። የላይኛውን አልጋ ከእግሩ ጋር የሚያያይዘውን ብሎን ካቻቪቴ ይዤ ላጠብቅ ወጣሁ። ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይጠብቅም። በጣቴ ስስበው ያለ ምንም ትግል ወጣ፤ ጥርሱ ውስጥ ቡናማ ዱቄት ሞልቶታል። ትልቁ ልጄ በላይኛው አልጋ ይተኛል፣ ትንሿ ከሥሩ። በዚያው ሌሊት ሁለቱንም ወለል ላይ አነጠፍኩላቸው።

ኤምዲኤፍም ሆነ ቺፕውድ (የእንጨት ፍርፋሪ በኮላ የተጨመቀበት ሰሌዳ) ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ ለደረቅ ቤት፣ ለቴሌቪዥን ማስቀመጫ ይሆናል። እርጥበት ሲጠጣ ግን ያብጣል፤ ቢደርቅም ወደ ነበረበት አይመለስም፣ ብሎን የያዘው ቦታም ይላላል። ሸዋ ሮቢት ያለች እህቴ በመልኩ ከእኔ የማይለይ አልጋ አላት፤ እስከ ዛሬ አንድ ነገር አልሆነም። ከጣርማ በር ወዲያ ቆላ ነው፣ የእነሱ ችግር ሙቀት ነው። ምክር ስትጠይቁ የሚመክራችሁ ሰው የት እንደሚኖር አስቡ።

መስከረም ላይ ብሎኑንና የተገነጠለውን ፊት በፌስታል ይዤ ሱቁ ሄድኩ። የመለሰልኝ መልስ በቃሉ ይኸው፦ «እህቴ፣ ሦስት ወር ሙሉ ተኝታችሁበት? እርጥብ የሆነው ቤታችሁ ነው እንጂ አልጋው አይደለም።» ዋንዛ ብለኸኝ ነበር ስለው «ዋንዛ ከለር ነው ያልኩት» አለ። ከለር! የምናደድበትን አጥቼ ሳቄ መጣ።

በሸማቾች ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። የእኛን አገር አልጋ ችግር ግን አያችሁት? ግንቦት የተገዛ ዕቃ ጉዱን የሚያወጣው ነሐሴ ነው። አቤት ልል የሄድኩበት ቢሮ ያለችው ልጅ በትህትና አስተናገደችኝ፤ ደረሰኙን ገልበጥ አድርጋ አየችና «እዚህ ላይ እኮ አልጋ ነው የሚለው፤ አልጋ ደግሞ ሰጥቶሻል» አለችኝ። ምን እላታለሁ? እውነቷን ነው። «ሙሉ ዋንዛ፣ የታችኛው ወለል ርብራብ» ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ወሬው ሌላ ነበር። ስለዚህ ደረሰኝ ላይ የእንጨቱን ዓይነት አስጽፉ፤ አልጽፍም ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል ማለት ነው፣ ቀብዳችሁን ሳትሰጡ ውጡ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሽማግሌ አናጺ ቤት ድረስ መጥተው አዩልኝ። ያስተማሩኝን ላካፍላችሁ፤ ሱቅ ውስጥ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የሚያብረቀርቀውን ፊት ተዉት፣ ፍራሹን አስነሱና ተንበርክካችሁ ከሥር እዩ። ቀለም ያልደረሰበት፣ ብሎን የተበሳበት፣ የተቆረጠ ጫፍ ያለበት ቦታ ፈልጉ። እውነተኛ ጣውላ ከሆነ ከላይ የምታዩት የእንጨቱ መስመር ጠርዙ ላይም ይቀጥላል፣ ጫፉ ላይ ቀለበቱ ይታያል። ኤምዲኤፍ ከሆነ መስመሩ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይቋረጣል፣ ውስጡም እንደ ካርቶን አንድ ዓይነት ነው። ክብደት አያታልላችሁ፤ ኤምዲኤፍ ራሱ ከባድ ነው። እኔ «ከባድ ነውና ጠንካራ ነው» ብዬ ነበር፣ አራት ወዛደር አቃስቶ ነው ፎቅ ያወጣው። መሳቢያውን ስትከፍቱ ዓይን የሚቆጠቁጥ ሽታ ካለው ያ የኮላው ነው፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ልጆች እሱን ሲተነፍሱ ያድራሉ።

«እንጨት ነው» ማለት ብቻም አይበቃም። አናጺው «ልጄ፣ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ከኤምዲኤፍ አይሻልም፤ ይጣመማል፣ መገጣጠሚያውን ይዞ ይዞራል» አሉኝ። ብረትስ? ለእርጥብ ክፍል ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ቱቦ) ጥሩ ነው፣ ግን የሚታየው ብየዳው ነው። ብየዳው ላይ ቀለም ብቻ የተቀባ ከሆነ በአንድ ክረምት ዝገቱ አንሶላ ላይ ይወጣል፤ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ከሥሩ መቀባቱን፣ የቱቦላሬው አፍ በሙሉ መደፈኑን፣ እግሩ ላይ ጎማ መኖሩን እዩ። ወለል በተወለወለ ቁጥር ውሃ የሚጠጣው ክፍት እግር ነው። ከዚያ ያዙና ነቅንቁት። ባዶውን የሚንቋቋ አልጋ ሁለት ልጅ ሲወጣበት አያሳድራችሁም።

ወለሉ የግድ ርብራብ ይሁን፣ ከላይም ከታችም። «ኮምፔርሳቶ (ስስ የእንጨት ሰሌዳ) ጣል እናድርግበት፣ ፍራሹ እንዳይጎደጉድ» ቢሏችሁ እንቢ በሉ፤ የጣውላዎቹን ቁጥር ይጨምሩ እንጂ አይዝጉት። መሳቢያውንም ተዉት። እኔ መሳቢያ ፈልጌ ነው እዚህ የደረስኩት። ከአልጋ ሥር ባዶ ቦታ መኖሩ ብክነት ይመስላል፣ ግን ፍራሹ የሚተነፍሰው በዚያ ነው፤ ልብስ ማስቀመጥ ካለባችሁ ጎማ ያለው ዝቅ ያለ ሳጥን ግፉበት፣ ሲያስፈልግ ይወጣል።

አልጋው ግድግዳ ላይ እንዳይለጠፍ፣ በተለይ የውጭ ግድግዳ ላይ። ከአምስት እስከ አሥር ሳንቲሜትር ራቅ ይበል። እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ እኔንም ያስታወሱኝ አናጺው ናቸው። አልጋውን ከግድግዳ ስታርቁት ልጅ የሚሸጎጥበት ክፍተት ትፈጥራላችሁ። እዚህ የሚሸጡት አብዛኞቹ አልጋዎች የላይኛው መከለያቸው በአንድ በኩል ብቻ ነው፣ «በዚያ በኩል ግድግዳ አለ» ተብሎ። በሁለቱም በኩል ይኑረው። አሜሪካኖቹ ለተደራራቢ አልጋ ያወጡት ደንብም ይህንኑ ይላል፤ በተጨማሪ መከለያው ከፍራሹ በላይ ቢያንስ 12.7 ሳንቲሜትር ከፍ እንዲል፣ የመከለያው ክፍተት ከ8.9 ሳንቲሜትር እንዳይበልጥ፣ ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ በላይኛው አልጋ እንዳይተኛ። የእኔ አልጋ መከለያ ቁመቱ 25 ሳንቲሜትር ነበር፣ በቂ ይመስላል። ሻጩ አብሮ የሰጠኝ ፍራሽ ደግሞ ውፍረቱ 20። ቀሪውን ቁጠሩት። ልጄ ያልወደቀው በእግዜር ጥበቃ ነው።

ፍራሹንም ግድግዳውንም እኔ በረኪና በውሃ አቅጥኜ ጠርጌ፣ ጥቅምት ላይ ፀሐይ ሲወጣ ፍራሹን ሰገነት ላይ አስጥቼ ሞከርኩ። ግድግዳው ጸዳ፤ ፍራሹ ግን ሽታው አልለቀቀውም፣ ተጣለ። አሁን ጠዋት ጠዋት ፍራሹን በአንድ ጎኑ አቁሜ መስኮቱን ሩብ ሰዓት እከፍታለሁ፤ ውርጭም ቢሆን። ብርዱን ፈርታችሁ ግን ከሰል ልጆቹ ክፍል እንዳታስገቡ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል፣ ይህን የማያውቅ ደብረ ብርሃኔ የለም፣ ግን በየዓመቱ የሚረሳ አይጠፋም።

አዲሱን አልጋ እኚያው አናጺ ሠሩልኝ። የደረቀ ጥድ፣ ርብራብ፣ በሁለት በኩል መከለያ፣ ያለ መሳቢያ። ግማሹን ቀብድ ሰጥቼ፣ ቀለም ሳይቀባ ሄጄ አይቼ፣ ሌላውን ሲገጠም ነው የከፈልኩት። ካሳለፍነው ክረምት ወጥቷል፤ ነሐሴ ላይ ፍራሹን በየሳምንቱ እያነሳሁ አየሁ፣ ደረቅ ነው።

አሮጌው ኮሪደር ላይ ተደግፎ እያለ አንድ ደላላ አይቶት በሩን አንኳኳ። 4,000 ብር እሰጣለሁ አለ። ምን ታደርገዋለህ ስለው «ፊቱን ቀለም እንቀባዋለን፣ መሳቢያው ይጠገናል፣ ጥቅምት ላይ ተማሪ ሲገባ ይሸጣል» አለኝ፣ ሳያፍር። ብሩ ያስፈልገኝ ነበር። አልሸጥኩለትም። ትልቁ ልጄ ያልተገነጠለውን መሳቢያ ወስዶ ለታችኛው ፎቅ እትዬ የዶሮ መፈልፈያ አደረገላቸው፤ እሳቸውም ጭድ ሲያነጥፉበት መጀመሪያ በካቻቪቴ ወለሉን ብዙ ቦታ በሱት።