የወለቁ ቁልፎችንና ጥርሳቸው የተበላ ብሎኖችን ላስተካከሉልኝ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ለመስክ ሥራ የምጠቀምበት ጠንካራ ላፕቶፕ፣ የኤፍ ፊደልና የግራ ቀስት ቁልፎቹ ወልቀውበት ለወራት ካስቸገረኝ በኋላ፣ ባለፈው ሳምንት በአንድ ጥንቁቅ የጥገና ባለሙያ እጅ ወደ ቀድሞ ይዞታው ስለተመለሰልኝ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብና ተመሳሳይ ችግር ላለባችሁ ሁሉ እኚህን ሰው ልጠቁም ወደድሁ።

የአንድ ቁልፍ መውለቅ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በኤፍና በጄ ቁልፎች ላይ ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች፣ ኪቦርዱን ሳያይ የሚጽፍ ሰው ጣቶቹን የሚያሳርፍባቸው ምልክቶች ስለሆኑ፣ አንደኛው ሲጠፋ እጅ ቦታውን ይስታል። ቀደም ሲል ያሳየሁት ሌላ ጠጋኝ ኪቦርዱ በሙሉ ካልተቀየረ መፍትሔ የለውም ያለኝ ሲሆን፣ ለማየት ሲከፍተውም በማይመጥን ካቻቪቴ የሁለት ብሎኖችን ጥርስ በልቶ፣ አንድ ብሎን ጎድሎበት መለሰልኝ።

እኚህ ባለሙያ ግን ካቻቪቴ ከማንሳታቸው በፊት የወለቁትን ቁልፎች ቦታ በማጉያ መነጽር መረመሩ። ከቁልፉ ክዳን በታች እንደ መቀስ የሚተጣጠፉ ሁለት ስስ የፕላስቲክ መያዣዎችና አንድ የጎማ ጉልላት እንዳሉ፣ የእኔ ጎማ ደህና መሆኑንና የተሰበረው መያዣው ብቻ መሆኑን አሳዩኝ። የመያዣው ቅርጽ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ፣ ከተመሳሳይ ሞዴል የተበላሸ ኪቦርድ ላይ ነቅለው፣ የተጣመመውን የብረት መንጠቆ በወረንጦ አቃንተው ገጠሙት። አሁን ቁልፉ ሲጫን የሚሰጠው ስሜት ከጎኑ ካሉት አይለይም።

እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ የብሎኖቹ ሥራ ነው። አንደኛው ብሎን በካቻቪቴው ጫፍና በተበላው ጥርስ መካከል ሰፋ ያለ ላስቲክ ተደርጎበት ወጣ። ሁለተኛው ግን በማጣበቂያ የተያዘ ስለነበር፣ ጭንቅላቱን በሶልደሪንግ ብረት ጫፍ ለጥቂት ሰከንዶች አሙቀው፣ አዲስ ቀጥ ያለ ሰንጥቅ አወጡለት፤ የብረት ብናኙ ወደ ውስጥ እንዳይገባም ዙሪያውን አስቀድመው በፕላስተር ሸፍነውት ነበር። የወጡትን ብሎኖች የላፕቶፑ ቅርጽ በተሳለበት ወረቀት ላይ በየቦታቸው ደረደሯቸው። ርዝመታቸው ስለሚለያይ፣ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ቢገባ ውስጥ ያለውን ቦርድ ሊወጋ ይችላል።

የጎደለውን ብሎን በተመለከተ፣ ሌሎቹ ስለሚይዙት እንዲሁ ይዘጋ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን አልተስማሙም። ላፕቶፑ ያለው አይፒ 65 የሚባለው የአቧራና የውኃ መከላከያ ደረጃ አቧራ ፈጽሞ እንዳይገባና ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውኃ እንዳይጎዳው ማለት እንደሆነ፣ ይህም የሚጸናው የጎማ ማሸጊያው በሁሉም ብሎኖች እኩል ሲጠበቅ ብቻ እንደሆነ አስረዱኝ። በልኩ ብሎን ፈልገው፣ ማሸጊያውን ጠርገው፣ ብሎኖቹን በየተራ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን እያፈራረቁ አጠበቁ። ለዚህ ጥንቃቄያቸው ከልብ አመሰግናለሁ፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

አድራሻቸውን ለሚጠይቀኝ ሁሉ በደስታ እሰጣለሁ። ወደ እሳቸው ስትሄዱ የወለቀውን ቁልፍ፣ ተሰብሮም ቢሆን፣ አብራችሁ ያዙ፤ የመያዣውን ዓይነት የሚለዩት ከእሱ ነው።