ከዱቤ ደብተር ወደ ፓይተን፦ የቱሉ ዲምቱዋ ማሰልጠኛ

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። እንጀራ ጋግሬ ለአምስት ሱቆች አስረክባለሁ። ሂሳቤን ራሴ በኮምፒውተር መሥራት ስለፈለግኩ ክረምቱን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ባለች ማሰልጠኛ የፓይተን (ኮምፒውተርን ለማዘዝ የሚጻፍበት ቋንቋ ነው) መጀመሪያ ኮርስ ወሰድኩ። ስድስት ሳምንት፣ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት፣ 3,000 ብር። ጎረቤቶቼ እንዴት ነው እያሉ ስለሚጠይቁኝ ያየሁትን ልጻፍ።

ከዚህ በፊት መሀል ከተማ ሌላ ቦታ ጀምሬ ነበር። በሁለተኛው ቀን ድረ ገጽ መሥራት ውስጥ ገቡ፣ እኔ ገና ቫሪያብል ምን እንደሆነ አልገባኝም። ተውኩት። እዚህኛው ቤት ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሙሉ ቫሪያብልና መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈል ብቻ ናቸው። የወደድኩትም ይህንኑ ነው።

አስተማሪው ወጣት ልጅ ነው። «እትዬ፣ የዱቤ ደብተር አለዎት?» አለኝ። ከቦርሳዬ አወጣሁለት። አንዷ ደንበኛዬ 400 ብር ነበረባት፣ የ250 ብር እንጀራ ጨምራ ወሰደች። 400ውን ሰርዤ 650 ጽፌያለሁ። «አዩ፣ ስሟ አልተቀየረም፤ ቁጥሩ ነው የተቀየረው። ቫሪያብል ይሄ ነው» አለና ሰሌዳው ላይ ጻፈ፦

ዕዳ = 400
ዕዳ = ዕዳ + 250

ትምህርት ቤት በተማርነው ሂሳብ ሁለተኛው መስመር አያስኬድም። ፓይተን ላይ ግን ያቺ ምልክት «እኩል ነው» ማለት አይደለችም። በቀኝ ያለውን አስላ፣ ውጤቱን በግራ ባለው ስም አስቀምጥ ማለት ናት። ይህን ለማስረዳት አንድ ሙሉ ከሰዓት ወሰደ፣ አልቸኮለም። ስሙን በአማርኛ መጻፍ መቻሉም ደስ ይላል፤ ፓይተን 3 ፊደላችንን ይቀበላል። በስሙ መሀል ክፍት ቦታ ግን አይፈቅድም፤ የሰኞ_ሽያጭ ተብሎ በታች ሰረዝ ይያያዛል።

በሦስተኛው ቀን የሁለት ሱቆችን እንጀራ የሚደምር ኮድ ጻፍኩ። 50 አስገባሁ፣ 70 አስገባሁ። ስክሪኑ 5070 አለኝ። ልጁ መልሱን አልነገረኝም፣ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። ለካ በኪቦርድ የሚገባውን ነገር ፓይተን የሚቀበለው እንደ ጽሑፍ ነው። ጽሑፍና ጽሑፍ ሲደመር ይቀጣጠላል እንጂ ቁጥር አይሆንም። መጀመሪያ ወደ ቁጥር መለወጥ አለበት። ለወጥኩት፣ 120 መጣ።

ከሁሉም የማልረሳው የማካፈል ቀን ነው። 125 እንጀራ በአሥር በአሥር ሲታሰር 12 እስር ይወጣል፣ 5 ይተርፋል። ፓይተን ድርሻውን በሁለት እዝባር፣ ትራፊውን በፐርሰንት ምልክት ለየብቻ ያወጣል፦ 125 // 10 ሲሉት 12፣ 125 % 10 ሲሉት 5። አብረውን የሚማሩ አንድ ቄስ ነበሩ። «ይሄማ ባሕረ ሐሳብ ነው!» ብለው ተነሡ። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምር፣ ለአራት ግደፍ፣ የቀረውን ያዝ። 1 ከቀረ ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ ነው፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። ልጁ ኪቦርዱን ለእሳቸው ለቀቀላቸው። 2018ን ሞከሩ፤ 7518 ለአራት ተገድፎ 2 ቀረ፣ ማርቆስ። 2015ን ሞከሩ፤ 3፣ ሉቃስ። ጳጉሜም በዚያ ዓመት 6 ቀን ነበረች። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። አስተማሪው በማግስቱ ያንኑ የቤት ሥራ አድርጎ ሰጠን።

ጉድለትም አለ። ለ14 ተማሪ ያለው 9 ኮምፒውተር ነው፤ ዘግይቶ የመጣ ከሰው ጋር ይጋራል። የሁለቱ ኪቦርድ ፊደል ተፋፍቋል። ጄኔሬተር የላቸውም። መብራት ሁለት ቀን ጠፋብን፣ የተካሱልን አንዱን ቀን ብቻ ነው። በከፈልኩት ገንዘብ ይሄ አናዶኛል፣ ለቢሮዋ ሴትዮም ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ።

የስሌት ቅደም ተከተልን ደግሞ በአሥር ደቂቃ አለፉት። ያልተገባ ችኮላ ነው። ቤት ገብቼ የሦስት ቀን አማካይ ላወጣ 90 + 120 + 150 / 3 ብዬ ጻፍኩ። 260 አለኝ። እኔ በቀን 260 ጋግሬ አላውቅም! ማካፈል ከመደመር ስለሚቀድም ለሦስት የተካፈለው 150 ብቻ ነበር። ድምሩን በቅንፍ ሳስገባው 120 ሆነ። ይህን ስነግረው ልጁ በሚቀጥለው ቅዳሜ ለክፍሉ በሙሉ ደግሞ አስረዳ። ስህተትን እንዲህ የሚቀበል አስተማሪ ብዙ አላጋጠመኝም።

አሁን የአምስቱን ሱቆች ዕዳ ማታ ማታ የምደምረው በራሴ ኮድ ነው፤ ደብተሩን ለማመሳከሪያ ይዤዋለሁ። ለቀጣዩ ዙር ተመዝግቤያለሁ። መሄድ የምትፈልጉ በክረምት ቦት ጫማ አድርጉ፣ ከታክሲ መውረጃው እስከ በሩ ጭቃ ነው። ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ግቡ፣ ኮምፒውተር ለብቻችሁ ታገኛላችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ መብራት ሲጠፋ የሚካካሰውን ቀን በጽሑፍ ጠይቋቸው፤ እኔም በዚህኛው ዙር ጠይቄ ደረሰኙ ጀርባ ላይ ጽፈውልኛል።