ኢዮኒያ ወይስ ሲክላዴስ? በግሪክ ደሴቶች መካከል ባለ ሸራ ጀልባ ለመከራየት ለምታስቡ

በ2022 ጁላይ መጨረሻ 605 ዩሮ ከኪሴ አውጥቼ፣ ሴሪፎስ በምትባል የሲክላዴስ ደሴት ወደብ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ካርታ ስጫወት ዋልኩ። ጀልባዋ አልተበላሸችም፤ ሰማዩም እንደ ብርሌ የጠራ ነበር። ያሰረን ነፋሱ ነው። በዓመቱ ሴፕቴምበር ላይ ወደ ሌላኛው የግሪክ ባሕር፣ ወደ ኢዮኒያ፣ ሄድንና በነፍስ ወከፍ 464 ዩሮ ከፍለን ስድስቱንም ቀን ሸራ ዘርግተን ተጓዝን። ከዚያ ወዲህ እዚህ ፍራንክፈርት ቡና በተፈላ ቁጥር “እኛስ የትኛውን እንያዝ?” የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል። ወርና ዓመቱን በአውሮፓ፣ ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር፦ ጀልባ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትከራዩ ከሆነ ኢዮኒያ ሂዱ። ሲክላዴስን ማየት ካማራችሁ ቲኬት ቆርጣችሁ በትልቁ መርከብ እዩት።

ሲክላዴስ ከአቴንስ ደቡብ ምሥራቅ በኤጂያን ባሕር ላይ የተበተኑት ደሴቶች ናቸው፤ ፖስት ካርድ ላይ የምታዩት ነጭ ቤትና ሰማያዊ ጉልላት የዚያ ነው። ሚኮኖስ፣ ፓሮስ፣ ናክሶስ፣ ሳንቶሪኒ። ኢዮኒያ ደግሞ በስተ ምዕራብ፣ ፊቱን ወደ ጣሊያን ባዞረው ባሕር ነው፤ ኮርፉ፣ ፓክሲ፣ ሌፍካዳ፣ ኢታካ፣ ኬፋሎኒያ። ያኛው ገላጣ ድንጋይ ነው፤ ይሄኛው ወይራና ጽድ እስከ ውኃው ዳር የወረደበት አረንጓዴ አገር።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሁለቱንም ጊዜ የተከራየነው 12 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ሦስት መኝታ ክፍል ያለው ጀልባ ነው፤ ሰዎቹም እኛው ስድስታችን ነን። በሲክላዴስ ኪራዩ 3,100 ዩሮ ነበር። እዚያ ላይ ጽዳት 180፣ የትንሿ መሸጋገሪያ ጀልባ ሞተር 90፣ አንሶላና ፎጣ ለስድስት ሰው 120፣ ነዳጅ 140፤ ድምር 3,630። በኢዮኒያ ኪራዩ 2,300፤ ጽዳት፣ ሞተርና አንሶላው ያው 390፤ ነዳጁ 95፤ ድምር 2,785። “አንዱ ጁላይ፣ አንዱ ሴፕቴምበር! ምኑን ከምን ታወዳድራለህ?” ይሉኛል። ልክ ናቸው። ለዚህም ብዬ የዚያኑ የጁላይ ሳምንት ዋጋ በኢዮኒያ ጠይቄ ነበር፤ 2,950 አሉኝ። ልዩነቱ 150 ዩሮ ብቻ ነው። በወረቀት ላይ ለስድስት ሲካፈል የአንድ ሰው ምሳ አይሞላም።

በወረቀት የማይታየው ግን ይህ ነው። አንድ ሳምንት ሲሏችሁ ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ተረክባችሁ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ታስረክባላችሁ፤ አብዛኞቹ አከራዮች ደግሞ ጀልባው ዓርብ ማታ መነሻው ወደብ ላይ ታስሮ እንዲያድር ያስገድዳሉ። እጃችሁ ላይ የሚቀረው ስድስት ቀን ነው። ከስድስቱ ሦስቱን ነፋስ ሲበላብን እያንዳንዱ የተጓዝንበት ቀን 1,210 ዩሮ ፈጀ። በኢዮኒያ 464። የምታወዳድሩት የሳምንቱን ኪራይ ሳይሆን ይህንን ቁጥር ይሁን።

የኤጂያኑ ነፋስ ሜልቴሚ ይባላል። በባልካን በኩል ከፍ ያለ የአየር ግፊት፣ በቱርክ በኩል ደግሞ በሙቀት የተነሳ ዝቅ ያለ ግፊት ሲፈጠር በመካከሉ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳል። ከፍተኛ ጉልበቱ ጁላይና ኦገስት ነው፤ ማለትም እረፍት የምንወጣበትና ኪራዩም ጣሪያ የሚነካበት ጊዜ። በቦፎርት መለኪያ 6 እና 7 ይደርሳል፤ በመኪና ቋንቋ በሰዓት ከ40 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ደመና የለው፣ ዝናብ የለው፤ ፀሐይ ቦግ ብላ ሳለች ለቀናት ሳያባራ ይነፍሳል። የኢዮኒያው ማይስትሮ ግን እንደ ጨዋ ሠራተኛ ነው፤ ከቀትር በኋላ ይገባል፣ አራት ወይም አምስት ቦፎርት ይሠራል፣ ጀምበር ስትጠልቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጠዋት ዋኝታችሁ፣ ምሳ በልታችሁ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ሸራ ትዘረጋላችሁ። ኢዮኒያ ፈጽሞ አይቆጣም እያልኩ አይደለም፤ በ2020 ሴፕቴምበር አጋማሽ ኢያኖስ የተባለው አውሎ ነፋስ ኬፋሎኒያን፣ ኢታካንና ዛኪንቶስን ክፉኛ መትቷቸዋል። እንዲህ ያለው ግን ስሙ ተለይቶ የሚታወስ ነው፤ ሜልቴሚ የየበጋው ነው።

ስለ መልህቁ ልንገራችሁ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው ብል አልዋሸሁም። ከመነሻ ወደባችን ከላቭሪዮ ተነስተን እሑድ ማታ ኪትኖስ ደሴት ደረስን። ኮሎና የሚባል ቦታ አለ፤ ቀጭን የአሸዋ ድልድይ ሁለት የባሕር ወሽመጦችን የለየበት፣ ውኃው ታች ያለው ጠጠር የሚቆጠርበት። ስድስት ሜትር ጥልቀት ላይ መልህቅ ጥለን ተኛን። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከጀልባው አፍንጫ በኩል ድስት በሲሚንቶ ላይ የሚጎተት የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። በባዶ እግሬ ስወጣ የጎረቤታችን ጀልባ የእራት ሳህኖቹ እስኪታዩኝ ድረስ ቀርቧል። መልህቃችን አሸዋውን መንከስ ትቶ እየተንሸራተተ ነበር። ሞተር አስነስተን እስክንርቅ ድረስ ጎናችን የጎረቤቱን የመልህቅ ሰንሰለት አበሰ። በማግስቱ ስናወጣው ጉዱ ታየ፤ ባለ ጥፍር የታወቀ ቅርጽ ያለው መልህቅ ነው፣ ግን ኮፒ። የሠሪ ስም የለበትም፣ ክብደቱ አልተቀረጸበትም፣ አንገቱ ወደ አንድ ጎን ዘሟል። ሰንሰለቱም 30 ሜትር ብቻ ሆኖ ቀሪው ገመድ ነበር። ጥልቀቱን በአራት ወይም በአምስት እጥፍ ሰንሰለት መልቀቅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ 30 ሜትሩ ለዚያች ሌሊት እንኳ አፍ ለአፍ ነበር። ጀልባዋን ስንመልስ ስለ ጭረቱ 380 ዩሮ ከመያዣችን ተቆረጠ። መልህቁ ኮፒ ነው ብዬ ብከራከርም “ፈርመህ ተረክበሃል” ተባልኩ። ፈርሜያለሁ፣ ምን እላለሁ።

ያቺው ጀልባ “የ2019” ተብላ ነበር የቀረበችልን። የ2019ኙ ፍራሽና መጋረጃው ብቻ ኖሯል። ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ በጀልባው ኋላ በቀኝ በኩል 14 ፊደልና ቁጥር የተደረደረበት መለያ አለ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች የሞዴሉ ዓመት ናቸው። የእኛዋ 06 ትላለች። ለ2006 ጀልባ የ2019 ዋጋ ከፈልን ማለት ነው። አሁን ብር ከመላኬ በፊት የዚያን መለያ ፎቶ እጠይቃለሁ።

ርክክቡ ላይ ሰዓት አትቆጥቡ። ባለሙያው ገና አራት ጀልባ ስለሚጠብቀው ያዋክባችኋል፤ አትዋከቡለት። የትንሿን ጀልባ ሞተር እሱ እያየ ገመዱን ስባችሁ አስነሱ፤ እኛ ሳናስነሳ ተረክበን ካርቡሬተሩ ደፍኖ ሳምንቱን በመቅዘፊያ ተሻገርን፤ ያም ሆኖ 90ው ዩሮ አልተመለሰም። መልህቁን በኤሌክትሪክ አውርዱት፣ አውጡት። የዋና መነጽር አድርጋችሁ ውኃ ውስጥ ግቡና ፕሮፔለሩን በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ። ሽንት ቤቱ ውስጥ ወረቀት አይጣልም፤ የሚደፍነው ሰው የሚከፍለው ገንዘብ ከሞተር ጥገና አያንስም። መያዣው ለእኛ 2,500 ዩሮ ነበር። የማይመለስ 250 ከፍላችሁ መያዣውን የምታስቀንሱበት ዋስትና ያቀርቡላችኋል፤ ለሲክላዴስ ክፈሉት፣ ለኢዮኒያ እኔ አልከፍልም።

የኢዮኒያው ጉዟችን አጭርና ዝግ ያለ ነበር፦ ሌፍካዳ፣ ሜጋኒሲ፣ ካላሞስ፣ የኢታካዋ ኪዮኒ፣ የኬፋሎኒያዋ ፊስካርዶ፣ መመለስ። ረጅሙ መንገድ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ማዶው ሁልጊዜ ይታያል። በመንገድ ላይ ስኮርፒዮስ አለች፤ ኦናሲስና ዣክሊን ኬኔዲ በ1968 የተጋቡባት የግል ደሴት። ፊስካርዶ የ1953ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ኬፋሎኒያን ሲያፈርስ የተረፈች መንደር ናት፤ ለዚህ ነው አሮጌ ቤቶቿ ዛሬም ቆመው የምታዩት። ጥፋቷ መጨናነቋ ነው፤ በኦገስት ከስምንት ሰዓት በኋላ ከመጣችሁ ቦታ የለም፤ ጀማሪዎቹ አንዱ በአንዱ ሰንሰለት ላይ መልህቅ እየጣሉ ጠዋት ሲፈቱ ትርምስ ነው። ሜጋኒሲ ላይ ግን ምግብ ቤቶቹ የራሳቸው ማሰሪያ አላቸው፤ እራት ከበላችሁ ማደሪያው ነጻ ነው፣ የውኃ ጎማም ይዘረጉላችኋል። ስድስት ሰው 130 ዩሮ በላን፤ የማደሪያውን ሳስበው እንደ ቅናሽ ነው የቆጠርኩት።

ለሲክላዴስ የሚቆጠርለት አለ። ላቭሪዮ ለአቴንስ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ ስለሆነ ክረምት ከበጋ ርካሽ በረራ ታገኛላችሁ፤ ለሌፍካዳ የሚያመቸው የፕሬቬዛ አውሮፕላን ማረፊያ የቀጥታ በረራ የሚበዛበት በበጋ ነው፤ ያ ካመለጣችሁ ከአቴንስ የአምስት ስድስት ሰዓት አውቶቡስ ነው። መልኩም ቢሆን መልክ ነው፤ አልክድም። ግን ሳንቶሪኒን በተከራያችሁት ጀልባ አትመኙ። ያ ውብ ገደል የእሳተ ገሞራ አፍ ነው፤ ከሥሩ ያለው ባሕር በመቶዎች ሜትር ስለሚጠልቅ መልህቅ የሚነክሰው ነገር የለም፤ በአንድ ሳምንት ከአቴንስ ደርሶ መመለስም እብደት ነው። ከአቴንስ ወደብ ከፒሬዎስ በሚነሳው መርከብ ስምንት ሰዓት ገደማ ተጉዛችሁ ትደርሳላችሁ፣ ነፋሱም የካፒቴኑ ራስ ምታት ይሆናል።

“ፍጥሞስ?” የሚለው ጥያቄ ከእናቶቻችን ይመጣል። ዮሐንስ ራእይ ያየባት ፍጥሞ ከሁለቱም አይደለችም፤ ወደ ቱርክ ዳርቻ፣ ዶዴካኔዝ በሚባሉት ደሴቶች ውስጥ ናት። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ዋሻውን፣ በ1088 የተመሠረተውን የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ለማየት የሌሊት መርከብ ይዛችሁ ሂዱ። በዚያ አካባቢ በርካሽ የሚሸጡ የጀልባ ጉዞዎች አንዳንዶቹ ቱርክ ይገባሉ፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ከመክፈላችሁ በፊት መንገዱን በካርታ ተከተሉ።

ኦገስት 15 የግሪኮች የማርያም በዓል ነው፤ ቲኖስ ደሴት ላይ ምእመናን ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በጉልበታቸው እየዳኹ ይወጣሉ። ለማየት የሚያስመኝ ነው፤ ለኪስ ግን የዓመቱ ውዱ ሳምንት እሱ ነው። የእኛ ፍልሰታ በዚያን ጊዜ መሐል ላይ ነው፤ “ጾመኛ ነኝ” ስትሉ ደም የለውም ብለው ኦክቶፐስ ያቀርቡላችኋል፣ አትደንግጡ። ላዴራ በሏቸው፤ በዘይት የተሠራ አትክልት ነው። ፋቫ የሚሉት የሳንቶሪኒ ክክ ደግሞ የጓያ ዘመድ ከሆነ ጥራጥሬ የሚሠራ ነው፤ በእንጀራ ቢሆን ስል ነበር።

የጀልባ መንጃ ፈቃድ የሌላችሁ፦ የግሪክ ወደብ ባለ ሥልጣን ፈቃድ ያለው ሰው ይፈልጋል፣ እንዲሁም ሥራውን የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው። እኔ የጀርመኑን ይዤ ነው የሄድኩት። ካፒቴን ብትቀጥሩ በቀን 200 ዩሮ ጠይቀውኛል፣ በሳምንት 1,400፤ ምግቡ በእናንተ ነው፣ አንዱን ክፍልም ይወስዳል። ስድስት የነበራችሁት አራት ትሆናላችሁ፤ 2,785 ላይ 1,400 ሲጨመር ለአንድ ሰው 1,046 ዩሮ። እኔ ብሆን ሌፍካዳ ላይ ቤት ይዤ፣ ከ30 የፈረስ ጉልበት ያልበለጠች፣ ያለ ፈቃድ የምትከራይ ትንሽ የሞተር ጀልባ እዚያው ደሴት ካለችው ከኒድሪ ለሁለት ቀን እወስድ ነበር።

ለመጪው ሴፕቴምበር ሌፍካዳ ላሉ ሦስት አከራዮች የመልህቃቸውን ፎቶና የሰንሰለቱን ርዝመት ጠየቅኳቸው። አንዱ “ጀልባው የተሟላ ነው” ብሎ ብቻ መለሰ። ሁለተኛው ከካታሎግ የወሰደውን ሥዕል ላከ። ሦስተኛው መልህቁን መሬት ላይ አጋድሞ፣ መጠኑ እንዲታወቅ ጫማውን አጠገቡ አድርጎ፣ የሠሪው ስምና 20 ኪሎ የሚለው ጽሑፍ እንዲነበብ አቅርቦ አንስቶ ላከልኝ። በ80 ዩሮ ይወደዳል። ቀብዱን ለእሱ ልኬያለሁ።