ለአያት መታሰቢያ የደሴ ፎቶና ማተሚያ ቤቶች፦ ፎቶውን ስጧቸው፣ ጽሑፉን ግን ቤት ጽፋችሁ ውሰዱ

ደሴ ፒያሳ ላይ ያሉ ፎቶ ቤቶችና ማተሚያ ቤቶች የሟች መታሰቢያ ሥራን ጠቅልለው ይቀበላሉ፤ አሮጌ ፎቶ ማደስ፣ ማሳደግ፣ ፍሬም፣ ባነር፣ የሕይወት ታሪክ ጽፎ ማተም፣ ሲጠየቁም ቲሸርት። እዚህ የምንመዝነው የአንድ ቤት ሥራ አይደለም፤ አገልግሎቱን በአጠቃላይ፣ ያውም በሚከብድበት በኩል ነው። ማለትም ሟቿ ዕድሜ ጠግበው ያረፉ፣ የልደት ወረቀት የሌላቸው፣ በሕይወታቸው ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ፎቶ የተነሡ አያት ሲሆኑ። ፍርዱ ባጭሩ፦ ፎቶ ላይ እጃቸው ጥሩ ነው፣ ጽሑፍ ላይ አይታመኑም።

ብዙ ጊዜ ከአያት የሚቀረው ፎቶ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ያለው 3 በ4 ጉርድ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ግድግዳ የሚሞላ ምስል ማውጣት ይቻላል፤ ሁሉም ነገር ግን ስካኑ ላይ ያልቃል። 3 በ4 ሴንቲ ሜትር ፎቶ በ1200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ) ሲነሣ 1417 በ1890 ፒክስል ይሰጣል። ይህ ወደ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ሲያድግ በኢንች 120 ነጥብ ይደርሰዋል፣ ሳሎን ተሰቅሎ ከአንድ ሜትር ሲታይ ያምራል። በ300 ከተነሣ ግን የሚቀረው 30 ነጥብ ነው፤ ዓይናቸውና የዓይናቸው ጥላ አይለይም። ብዙ ስካነር 300 ላይ ተቀምጦ የሚውለው የወረቀት ኮፒ ስለሚበዛበት ነው። ስለዚህ «በ1200 አንሡልኝ» ማለት የደንበኛው ፋንታ ነው፤ ካልተባለ ማንም አይነካውም።

ከዚያ ማኅተሙ አለ። ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ትከሻውን፣ አንዳንዴም አገጩን ረግጦ ያልፋል። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ቢሆን እንኳ በቀለም ስካን አስደርጉት። በቀለም የተነሣ ከሆነ ፎቶሾፕ ላይ ሰማያዊው ቻናል (ምስሉ ከተሠራባቸው የቀለም ንብርብሮች አንዱ) ብቻ ሲወሰድ ማኅተሙ በጣም ይደበዝዛል፣ የቀረውን መጥረግ ቀላል ነው። በጥቁርና ነጭ ከተነሣ ማኅተሙም ግራጫ ይሆንና ከቆዳው ጋር ይቀላቀላል። ያን ጊዜ ሠሪው አገጩን በእጁ ሊስል ነው፤ በእጅ የተሳለ አገጭ ደግሞ የማንም አገጭ ይሆናል። መታወቂያው በፕላስቲክ የታሸገ ከሆነ ፎቶውን ቀዶ ማውጣት አያስፈልግም፣ ከነፕላስቲኩ ይነሣል። ላሚኔት ያልሆነውን ኦሪጅናል «እንዳይበላሽ» ብለው ላሚኔት ሊያደርጉላችሁ ሲሉ ደግሞ እንቢ በሉ፤ ሙቀቱ ፎቶውን ይጎዳል፣ ከገባም በኋላ አይወጣም።

በደሴ ጭጋግና እርጥበት ከፍሬም መስታወት ጋር የተጣበቀ ፎቶም ብዙ ነው። በምላጭ ለመላጥ የሚሞክር ሠሪ ካጋጠማችሁ ተቀብላችሁ ውጡ፤ መጀመሪያ የሚላጠው ፊቱ ነው። ከነመስታወቱ በካሜራ ይነሣል፦ ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ፣ ከካሜራው ኋላ ጥቁር ጨርቅ፣ መስታወቱ ነጸብራቅ እንዳይመልስ። ይህን አሠራር የሚያውቁ ቤቶች አሉ፣ ጠይቁ።

ስካኑ በደንብ ካለፈ የሚቀጥለው ጥፋት የማሳመር ጥፋት ነው። የወሎ እናቶች አንገት ላይ ያለው ንቅሳት በሠሪው ዓይን ጭረት ይመስላል፣ ይጠረጋል። ግንባር ላይ ያለ የመስቀል ንቅሳትም እንዲሁ። የነጠላው ጥበብ ከነጭ ጀርባ ጋር ይዋጥና ነጠላው ጠርዝ የሌለው ደመና ይሆናል። ስልክ ላይ ባሉ የማደሻ መተግበሪያዎች ከሠሩት ደግሞ የባሰ ነው፤ የ90 ዓመት ሴት የ50 ዓመት ሆነው፣ ያልነበራቸውን ጥርስ አብቅለው ይመጣሉ። ፊቱ የጠራ ነው፣ ግን የእሳቸው አይደለም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ንቅሳታቸው የት እንደሆነ፣ ማርያም የሳመቻቸው ቦታ፣ ሞራ የያዘው ዓይን የትኛው እንደሆነ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከፎቶው ጋር ስጡ። ሥራው ሲያልቅም አሮጌውና አዲሱ ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን ይከፈት፣ እሳቸውን በደንብ የሚያውቅ ሰው ይይ። ፎቶውን ባለቀለም ማድረግን እኛ አንመክርም፤ የቀሚሳቸውን ቀለም የሚያስታውስ ሰው ከሌለ ሠሪው የሚቀባው ግምቱን ነው።

አንድ ተደጋጋሚ ስሕተት ደንበኛው ራሱ ያመጣዋል። አዲስ አበባ ወይም ዓረብ አገር ያለ ልጅ ፎቶውን በቴሌግራም ይልካል፤ ቴሌግራም በፎቶ መልክ ሲላክ ብዙ ጊዜ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል። ያው ፎቶ «ፋይል» ተብሎ ሲላክ ግን ሳይነካ ይደርሳል። ባነሩ ላይ ፊታቸው ድርድር ካሬ ሆኖ ሲወጣ ማተሚያ ቤቱ ይወቀሳል፣ ጥፋቱ ግን አላላኩ ላይ ነው።

ወደ ጽሑፉ እንምጣ። ማተሚያ ቤቱ «የሕይወት ታሪኩን እኛ እናዘጋጃለን» ሲል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ባለው የሌላ ሟች ጽሑፍ ስም ሊቀይር ነው። «እንግዳ ተቀባይ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ሃይማኖታቸውን አክባሪ» የማይባል አያት አይቶ የሚያውቅ አለ? ችግሩ መሰልቸቱ ብቻ አይደለም። በአንቱታ ሲጻፍ ግሡ ወንድና ሴት አይለይም፣ «ተወለዱ፣ አደጉ፣ አረፉ» ለሁሉም ይሆናል። ስለዚህ ከአባወራ ታሪክ የተገለበጠ ጽሑፍ ስሕተቱ ተደብቆ ይቆይና ቤተ ክርስቲያን ላይ አንባቢው «ለልጆቻቸው መልካም አባት ነበሩ» ላይ ሲደርስ ይፈነዳል።

ዕድሜ ላይ ደግሞ ሁሉም ያጋንናል። 105፣ 110 ከማለት በፊት በሚታወቅ ዘመን መለካት ይሻላል። ለደሴ ሰው ጥሩው መለኪያ ኅዳር 26 ቀን 1928 ነው፣ ከተማዋ በጣልያን አውሮፕላን የተደበደበችበት። ያን ቀን ታዝለው ነበር ወይስ አዝለው ነበር? ጥጃ ይጠብቁ ነበር ከተባለ ከ6 እስከ 10 ዓመት ይሆናቸዋል፤ ልደታቸው ከ1918 እስከ 1922 መሆኑ ነው፣ በ2017 ካረፉ ከ95 እስከ 99። ለልጆቹ ልደት ደግሞ ጣልያን ከደሴ የወጣበት 1933፣ የ1966ቱ ድርቅ፣ በ1969 ብር የተለወጠበት ያገለግላሉ። ከዚያ ከበኩር ልጅ ዕድሜ ጋር አስተያዩት፤ እናት በ11 ዓመታቸው ወልደው ከተገኙ አንዱ ቁጥር ውሸት ነው። «በ1920 ገደማ» ብሎ መጻፍ አያሳፍርም። ዲዛይነሩ ቀኑን ከኮምፒውተሩ አንሥቶ የፈረንጁን እንዳይለጥፍም ተጠንቀቁ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው።

የልጅ ቁጥር የሚያጣላ ነገር ነው። በሕፃንነት የሞቱትን፣ የጡት ልጆችን፣ አሳድገው የዳሩትን የእህት ልጅ ማን ቆጠረ ማን ተወ? «የወለዷቸው» እና «ያሳደጓቸው» ተብሎ በሁለት መስመር ሲጻፍ ማንም አይቀየምም። የትውልድ ቦታም በዘመኑ አጠራር ይሁን፦ በንጉሡ ጊዜ ወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ በደርግ ወሎ ክፍለ ሀገር፣ አሁን ደቡብ ወሎ ዞን። ኮምቦልቻ አካባቢ የተወለዱ ከሆነ አውራጃው ቃሉ ነበር።

የቀረው ቦታ ለእሳቸው ብቻ ለሚሆን ነገር ይቅር። ሰኞ ገበያ ሲወርዱ ምን ይዘው ወርደው ምን ይዘው ይመለሱ እንደነበር፣ በርበሬያቸው ውስጥ ከሌላው አብልጠው የሚጨምሩት ቅመም፣ ከስንደዶ የሰፉት ሙዳይ አሁን ማን ቤት እንዳለ፣ የቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ የሚነሣን ሰው ምን ይሉት እንደነበር። አንድ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ከአሥር «ደግ ነበሩ» ይበልጣል። ርዝመቱ 450 ቃል ያህል ይብቃው፤ ጮክ ብሎ ሲነበብ 5 ደቂቃ ነው፣ ከዚያ በላይ ለቀስተኛ ቆሞ አይሰማም።

ለሙስሊም ቤተሰብ ትእዛዙ ይለያል። ቀብሩ በዚያው ቀን ስለሚያልቅ የሚታተም ነገር ለሰደቃው ወይም ለቤት ማስቀመጫ ነው፤ የቁርኣን አንቀጽ ያለበት ወረቀት እግር ሥር እንዳይወድቅ ከሚበተነው ወረቀት ላይ አይግባ፣ በፍሬም ይሁን። ወሎ ነውና በአንድ ቤት ሁለቱም ሃይማኖት ሊኖር ይችላል። ድግሱ ላይ ሁለት ድስት እንደሚጣደው ሁሉ ሽፋኑም ሁለት ዓይነት ይታተም፣ የውስጡ ታሪክ ግን አንድ ነው።

ለቀብር ቀን ያለቀለት መጽሔት አትዘዙ። ሌሊት የተጻፈ፣ መብራት ሲጠፋ የተቋረጠ፣ ጠዋት ሳይነበብ የታተመ ይሆናል። ለቀብሩ አንድ ኤ3 ፎቶና የሚነበበው ወረቀት ይበቃል፤ መጽሔቱ ለአርባው ይድረስ። የገጹ ቁጥር በ4 የሚካፈል ይሁን፣ 8 ወይም 12፣ አለዚያ ባዶ ገጽ ይተርፋል። ፊደሉ 14 ነጥብ፣ እኩዮቻቸው መነጽር ፍለጋ እንዳይነሡ። ጽሑፉን በፓወር ግዕዝ ጽፋችሁ በፍላሽ ከወሰዳችሁ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ ካልተጫነ የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። በዩኒኮድ ጻፉት፣ ለእይታ ደግሞ ፒዲኤፉን አብራችሁ ስጡ። የሚታተመውን የመጽሔት ብዛት በሰው ሳይሆን በቤት ቁጠሩ።

ባነር ላይ ፊት ይጠቁራል፤ ሙሉውን ከማተማቸው በፊት ፊቱን ብቻ 20 ሴንቲ ሜትር በምታህል ቁራጭ አትመው ያሳዩ። የባነሩ ማሰሪያ ቀለበት በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ይመታ፣ በአራት ጥግ ብቻ ከሆነ ነፋስ ይቀደዋል። ሲያልቅም ይጠቀለል፣ ከታጠፈ እጥፋቱ ላይ ቀለሙ ይሰነጠቃል። ለሐውልት የሚሆን ፎቶ ከሆነ እሳት የገባበት ሴራሚክ መሆኑን አረጋግጡ፤ ስቲከር ለጥፎ መስታወት የደረበበትን ፀሐይ ያነጣዋል።

ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ፍላሹን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ ሦስት ፋይል መኖሩን እዩ፦ ያልተነካው የ1200 ስካን፣ የታደሰው ፎቶ፣ የመጽሔቱ ፒዲኤፍ። ብዙ ቤቶች የሚሰጡት የታደሰውን ብቻ ነው፤ ለሙት ዓመቱ ሌላ ሠሪ ቢፈለግ መነሻ አይኖረውም። የስካነሩንም ክዳን አስከፍቱ። ያቺ 3 በ4 ጉርድ ብዙ ጊዜ የምትረሳው እዚያ ውስጥ ነው።