«ጋዙ አልቋል» ከመባሉ በፊት፦ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ያየሁት የማቀዝቀዣ ጥገና

ለፋሲካ ወደ ደብረ ማርቆስ የመጣሁት ወላጆቼን ለማየት ነበር፤ ሆኖም ከቆየሁባቸው ሦስት ሳምንታት የመጀመሪያው በእናቴ ፍሪጅ ላይ አለቀ። በምኖርበት በካናዳ እንጀራዬ የምግብ ቤቶችን ማቀዝቀዣ መጠገን ቢሆንም መሣሪያዬን ይዤ ስላልመጣሁ እንደማንኛውም ደንበኛ የሰው እጅ ማየት ነበረብኝ። ፍሪጁ ለእኛ ቤት የቅንጦት ዕቃ አይደለም። የአባቴ ኢንሱሊን የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት፤ ከሞቀ ኃይሉን ያጣል፣ በረዶ ከሠራም መጣል ነው።

እኔ ከመድረሴ ሁለት ሳምንት በፊት አንድ ጠጋኝ ተጠርቶ «ጋዙ አልቋል» ብሎ ሞላና ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። የፍሪጅ ጋዝ ግን እንደ ናፍጣ እየነደደ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ አንዴ ፈሳሽ አንዴ ትነት እየሆነ ለዓመታት ይዞራል። ጎደለ ከተባለ የሾለከበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ቀዳዳውን ሳይፈልጉ መሙላት በተቀደደ ስልቻ ጤፍ እንደ መስፈር ነው። እናቴ እንደነገረችኝ ሰውየው ከጋዝ ጠርሙሱና ከአንድ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) በቀር የያዘው ነገር አልነበረም፤ ስለዚህ ወደ ቱቦው የገባውን አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ አልሳበም፣ እርጥበት የሚመጠውን ፊልተርም አልቀየረም። ከዚያ ወዲህ ፍሪጁ ጥቂት ሰዓት ያቀዘቅዝና ሞተሩ እየሠራ ቅዝቃዜው ይጠፋል።

ጎረቤታችን የጠቆመችን ሁለተኛው ወጣት ከቀጠሮው አንድ ቀን ዘግይቶ መጣ፤ ይህን ብቻ አልወደድሁለትም። ዕቃውን ከመንካቱ በፊት ወደ እናቴ ዞሮ፣ «እማማ፣ ሁልጊዜ ነው የማያቀዘቅዘው ወይስ አንዳንዴ ይሻለዋል?» ሲል ጠየቃት።

«መብራት ሄዶ ሲመጣ ይሻለዋል፣ ልጄ። ቆይቶ ደግሞ ይተወዋል» አለችው።

እኔ ራሴ ይህን አልጠየቅኋትም ነበር፤ የብልሽቱ መልስ ያለው ግን በዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። በቱቦው የቀረው እርጥበት ካፒላሪ የሚባለው ቀጭን ቱቦ ወደ ፍሪዘሩ በሚገባበት ጫፍ ላይ በረዶ ሆኖ መንገዱን ይደፍናል፤ መብራት ሲጠፋ በረዶው ይቀልጥና ጋዙ እንደገና ያልፋል። ወጣቱ በሙቅ ውኃ የነከረውን ጨርቅ በዚያ ጫፍ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያዘበት። ከፍሪዘሩ ውስጥ «እሽሽ» የሚል ድምፅ መጣ። «ሰሙት፣ እማማ?» አላት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ አጠገቡ ተቀምጬ ተከታተልሁ። ከፊልተሩ አጠገብ ባለው ብየዳ ላይ አቧራው በቅባት ረጥቦ ስላየ ቱቦውን በናይትሮጅን ነፍቶ ሳሙና ሲቀባው የጤፍ ፍሬ የምታክል አረፋ ወጣች፤ ጋዙ መጀመሪያም ያለቀው በዚያ ነበር። ብየዳውን አድሶ፣ ፊልተሩን በአዲስ ተክቶ ቫኪዩም ፓምፑን ሲያስነሳ የጌጁ መርፌ ከዜሮ በታች 0.75 ባር ላይ ደርሶ ቆመ። እኔ ለባሕር ወለል ቅርብ በሆነ ከተማ ስለምሠራ መርፌው ወደ 1 ሲጠጋ ማየት ለምጃለሁና ሌላ ቀዳዳ አለ ብዬ ሰጋሁ። እሱ ግን «እዚህ ደጋ ነው፣ ጋሼ፤ ከዚህ አይወርድም» አለኝ። ትክክል ነበር፤ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ራሱ ከዚያ አይበልጥም። ስለዚህ መርፌውን ሳይሆን ሰዓቱን አምኖ ፓምፑን ከአርባ ደቂቃ በላይ አስኬደው፤ ቫልቩን ዘግቶም መርፌው እንደማይመለስ አረጋገጠ። ጋዙን የሞላው በግምት አይደለም፤ በፍሪጁ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ አር 134 ኤ መሆኑን ካየ በኋላ የታዘዘውን 120 ግራም በሚዛን መዝኖ ነው።

አንድ ነገር ግን አሳዝኖኛል፤ አሮጌውን ጋዝ መልሶ የሚሰበስብ መሣሪያ ስለሌለው ወደ አየር ለቀቀው። ይህ ጋዝ እኩል ክብደት ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 ጊዜ በላይ ምድርን ያሞቃል። እንዲህ ዓይነት እጅ ያለው ባለሙያ ያንን መሣሪያ የሚያገኝበት መንገድ ቢኖር እንዴት ደስ ባለኝ!

በባሕር ዳር ያረፍሁበት ሆቴልም የኤሲው ውኃ አልጋው ላይ ሲንጠባጠብ ሠራተኛው ያው «ጋዝ ይሞላል» የሚለውን ቃል ይዞ መጣ። ክዳኑን ስናነሣ የአየር ማጣሪያው በአቧራ ተደፍኖ ቱቦዎቹ በረዶ ለብሰው ነበር፤ የውኃ መውረጃውም ተዘግቷል። ማጣሪያውን አጥበን፣ መውረጃውን ጠርገን፣ በረዶው እስኪቀልጥ አጥፍተነው ስንመልሰው ያለ አንዲት ግራም ጋዝ ሠራ።

የደብረ ማርቆሱ ወጣት ያስከፈለን የመጀመሪያው ጠጋኝ ከወሰደው እጥፍ ነው፤ ሆኖም ሳልከራከር ከፈልሁ። መብራት ሲመለስ ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አዘግይቶ የሚያስነሳ ስታብላይዘር እንድንገዛም መክሮን ገዛን። እኔ ስመለስ ኢንሱሊኑ አጠገብ ትንሽ ቴርሞሜትር ትቼ ሄድሁ፤ አባቴ ጠዋት ጠዋት እያነበበ በስልክ ይነግረኛል። ትናንት 4፣ ዛሬ 5 ነው።